የጅማ ጓሮ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጓሮ አትክልት የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ውሃ ለሚቸግረው ሰው ነው። «ጠዋትና ማታ አጠጡ» ይላል። ጅማ ተቀምጦ ይህን በነሐሴ ለሚያነብ ሰው ሳቁ ይመጣበታል። እዚህ የሚያስቸግረው ውሃ ማምጣቱ አይደለም፤ ማሸሹ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ብዙዎቹ ከዚህ የሚነሱ ናቸው። ጥያቄዎቹ ከጎረቤት፣ ከባልደረባና ከዘመድ የሚመጡ ስለሆኑ ቅደም ተከተል አትፈልጉባቸው።

ነሐሴ ተጋምሷል። አሁን መዝራት አልረፈደም?

አልረፈደም። እንዲያውም ለብዙ አትክልት ጥሩው ጊዜ ገና እየመጣ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቧ እንደ ሰሜኑ አገር በሁለትና ሦስት ወር ተጠራቅሞ አይወርድም። ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይበረታል፣ መስከረምን ይዞ ጥቅምት ውስጥም ይጥላል። ሌላ አገር ያለ ዘመዳችሁ «ዝናቡ አበቃ» ሲላችሁ እናንተ ገና የሳምንታት ነጻ ውሃ ይቀራችኋል።

በዚህ ወቅት ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንደኛው በቀጥታ መሬት ላይ የሚዘራው ነው፤ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ። ነሐሴ አጋማሽ የተዘራ ካሮት ኅዳር አጋማሽ ላይ ይነቀላል። ቀይ ሥር ቀደም ይላል፤ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ወር ተኩል ይበቃዋል። ቆስጣ ሁለት ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ይቆረጣል። ካሮትን ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አያዋጣም፤ ሥሩ ይጣመማል ወይም እንደ ሹካ ይከፈላል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አንድ ጠንካራ ዝናብ ጠራርጎ ጥግ ላይ ሊከምረው ይችላል። ስለዚህ እንደዘራችሁ ሣር ስስ አድርጋችሁ ጎዝጉዙበት። ብቅ ሲል ጉዝጓዙን አንሡ። ማንሣቱን ከረሳችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይተኛል።

ሁለተኛው ሥራ ለበጋ የሚሆን ችግኝ ማፍላት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ችግኝ መደብ ላይ አንድ ወር ተኩል ያህል ይቆያሉ። ቲማቲም አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ ቲማቲም ካፈላችሁ ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠፈፍ ሲል የሚተከል ነገር በእጃችሁ ይኖራል። ያኔ ሁሉም ሰው ችግኝ ፍለጋ ይሯሯጣል። እናንተ ግን ለጎረቤት ታድላላችሁ።

የችግኝ መደቡን ዝናብ በቀጥታ እንዳይመታው ከላይ ፕላስቲክ ወጥሩለት። ጎኖቹን ግን ክፍት ተዉት። ከታፈነ ችግኙ ከግንዱ ሥር ጠቁሮ ይወድቃል። ዛሬ ደህና የነበረው ነገ ጠዋት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ዘሩን አፋፍቆ መዝራትም ይህንኑ ያመጣል፤ በመስመር፣ ሳሳ አድርጋችሁ ዝሩ።

ጎመኔ ቢጫ ሆነብኝ። ማዳበሪያ ልጨምርበት?

መጀመሪያ ቆፍራችሁ እዩ።

ቢጫነት በነሐሴ ሁለት ምክንያት አለው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። አንዱ ዝናቡ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ አጥቦ ሲወስደው ነው። ያኔ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ይገረጣሉ፣ ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ይህ በደንብ በበሰበሰ ፍግ ወይም በትንሽ ዩሪያ ይድናል። ዩሪያውን በአንድ ጊዜ አታፍስሱት፤ የሚቀጥለው ዝናብ ይዞት ይሄዳል። ከፋፍላችሁ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ፣ አፈር አልብሱት።

ሁለተኛው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ተክሉ በሙሉ ይደበዝዛል። ፀሐይ ብልጭ ሲል መሬቱ ርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል። ከጎኑ ትንሽ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ውሃ ይቋጥራል፣ አፈሩም ይሸታል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። የሚያስፈልገው ቦይ ነው።

የጅማ ቀይ አፈር በጥሩ ቦታ ውሃ ያሳልፋል። ችግሩ ሜዳው ላይ ነው። ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል ግቢ ያላቸው ሰዎች ከጅሬን አቀበት ሰዎች የተለየ ጓሮ ነው ያላቸው። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ መደብ ሳትሠሩ ምንም አትትከሉ። መደቡ 1 ሜትር ይስፋ፤ ከሁለቱም በኩል እጃችሁ መሃሉ ድረስ እንዲደርስ ነው። ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ውሃ በጣም በሚያቁር ቦታ ደግሞ ከዚያም በላይ። በመደቦቹ መሃል ያለው ቦይ መውጫ ይኑረው። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። አቀበት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መደቡን ቁልቁል ሳይሆን አግድም ሥሩት፤ አለበለዚያ አፈራችሁን ከታች ያለው ጎረቤት ይወስደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አፈሩ ርጥብ ሳለ አትቆፍሩ፣ መደቡንም አትርገጡ። አካፋው ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ገና ነው። ርጥብ ሆኖ የተቆፈረ ቀይ አፈር ሲደርቅ ጓል ይሆናል። ያንን ጓል በጥር እየደበደባችሁ ትከፍሉበታላችሁ።

አመድ መሬት ላይ ማድረግ ይጠቅማል? የቡና ገለባስ?

አመድ ይጠቅማል። ዝናብ የበዛበት መሬት አሲዳም ይሆናል፤ የጅማ አካባቢ አፈርም እንዲሁ ነው። አሲዱ ሲበዛ ያለውንም ንጥረ ምግብ ተክሉ ማግኘት ያቅተዋል። ገበሬው ኖራ የሚጨምረው ለዚህ ነው። የእንጨት አመድ ለጓሮ ያንኑ ሥራ በመጠኑ ይሠራል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ በትናችሁ ከአፈር ጋር አዋህዱት። ከዚያ በላይ ከማብዛት ማነስ ይሻላል። ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አታድርጉት፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። ድንች በሚተከልበት መደብም ይቅርባችሁ፤ የድንቹን ልጣጭ ቅርፊታም የሚያደርገው በሽታ አሲድ የቀነሰበትን አፈር ይወዳል። ፕላስቲክ የነደደበት አመድ ደግሞ ለምንም አይሆንም።

የቡና ገለባ ሌላ ታሪክ ነው። ጅማ ላይ እንደ ልብ ነው፤ ከመፈልፈያው ወስዶ የሚሄድ ሲገኝ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ትኩሱን ችግኝ ሥር ማልበስ ጥሩ አይደለም። ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ለራሱ ይወስዳል፤ ጎመናችሁ ምግብ ያጣል። ከፍግና ከአረንጓዴ አረም ጋር እየደራረባችሁ ከምሩት። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። ሦስት አራት ወር ቆይቶ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር ሽታ ሲይዝ ደርሷል። ክምሩን ግን ከዝናብ ከልሉት። የተጋለጠ ኮምፖስት ነሐሴን ሲጨርስ ቡናማ ውሃ ሆኖ ሄዷል። ትኩሱ ገለባ የሚሆነው በመደቦቹ መሃል መሄጃው ላይ ነው። ጭቃውን ይይዛል።

ከጀበና የሚወጣው የቡና አተላ? ከኮምፖስቱ ጋር ጨምሩት። ተአምር አትጠብቁበት።

ቲማቲሜ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ፍሬውም እየቆሰለ ነው። ምን ልርጭበት?

በዚህ ወቅት የሚመጣው የተለመደው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ብዙ ሰው አያስደስትም።

ሰዉ «ምች መታው» ይላል። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ በሳምንት ውስጥ ተክሉ የተቀቀለ ይመስላል። ድንችንም የሚያጠፋው ይኸው በሽታ ነው። ቀዝቀዝ ያለ አየርና ያልደረቀ ቅጠል ይወዳል። በነፋስ ይሄዳል። የጅማ ሐምሌና ነሐሴ ለእሱ ድግስ ነው። የጎረቤታችሁ ድንች ከታመመ የእናንተ ቲማቲም ተራውን ይጠብቃል።

ማንኮዜብና መሰሎቹ የሚረጩ መድኃኒቶች ቅጠሉን አስቀድመው የሚከላከሉ ናቸው። የጠቆረን ቅጠል አያድኑም። ዛሬ ተረጭቶ ከሰዓት ዝናብ ካጠበው ደግሞ ልፋት ብቻ ነው። መርጨት ከፈለጋችሁ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የመታገሻ ቀን አክብሩ። ገበያ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ፣ ስም ሳይኖረው የሚሸጠውን ግን አትግዙ። ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። የራሳችሁን ልጆች የምታበሉት ነገር ላይ ነው የምትረጩት።

ያለ ርጭት ብዙ መሥራት ይቻላል። ተክሉን በእንጨት ደግፉት። ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ያለውን ቅጠል ቀንሱ፤ የአፈር ጭቃ ሲረጭ የሚያገኘው እነሱን ነው። በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጡትን ቅርንጫፎች ለጋ ሳሉ ስበሩ፣ አየር ይግባ። ቅጠሉ ርጥብ ሳለ አትንኩት። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ኮምፖስት ላይ አትጣሉት። ከላይ ፕላስቲክ ወጥሮ ቅጠሉን ማድረቅ ከርጭት ሁሉ ይበልጣል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ ጣራ ከሌላችሁ ቲማቲምን በክረምት ተዉት። በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ ስለሚወደድ ያጓጓል፤ አውቃለሁ። የሚወደደው ግን ሌላውም ሰው ስላልተሳካለት ነው። ጥቅምት ላይ የተተከለ ቲማቲም በበጋ ፀሐይ፣ ማታ ማታ በትንሽ ውሃ፣ የክረምቱን ሁለት እጥፍ ደስታ ይሰጣል።

አሁን መሬት ላይ ያለው ከታመመባችሁ፣ ቁስል ያልነካውን ሙሉ መጠን የደረሰ አረንጓዴ ፍሬ ለቅማችሁ ቤት አስገቡ። በካርቶን ውስጥ ሳይደራረብ ይቀላል። በየቀኑ እያያችሁ የቆሰለውን አውጡ።

ድንች መቼ ልቆፍር?

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ። ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር መሆኑ ነው፤ እንደ ዝርያው ይለያያል።

ምች ከመታው ግን አትጠብቁ፣ አትቸኩሉም። ግንዱን ከመሬት አጭዳችሁ ከጓሮው አውጡ፣ ድንቹን ግን ሁለት ሳምንት ያህል መሬት ውስጥ ተዉት። ልጣጩ ይጠናል፤ ከቅጠሉ የሚረግፈው በሽታም ቁፋሮ ላይ ድንቹን አያገኘውም። ከዚያ ዝናብ ፋታ በሰጠበት ቀን ቆፍሩ። አትጠቡት። ጥላ ላይ ጥቂት ሰዓት አድርቁት። የተቆረጠውን ለዛሬ ወጥ ለዩት፤ ደህናውን ጨለማና አየር ያለበት ቦታ አድርጉት። ብርሃን አይቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች መራራ ነው፣ ሆድም ያማል። እሱን ጣሉት።

ለሚቀጥለው ዙር ዘር ስትፈልጉ ጉደኔ፣ በለጠ፣ ጃለኔ የሚባሉትን ዝርያዎች ጠይቁ። ከሆለታ የምርምር ማእከል የወጡ ናቸው፤ ምች ሲመጣ ከአካባቢው ድንች የተሻለ ይቆማሉ።

ቅጠሉ ሳይጠቁር፣ ቢጫም ሳይሆን፣ እኩለ ቀን ላይ ድንገት የሚጠወልግ ድንች ካያችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የሚመስል ክር ከወረደ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ አውጡ። እዚያ መደብ ላይ ለሦስት አራት ዓመት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን አትትከሉ። በቆሎ ወይም ጎመን አድርጉበት። መቆፈሪያችሁንም ሳታጥቡ ወደ ሌላ መደብ አትውሰዱ።

የሐበሻ ጎመንን እንዴት ብቀነጥስ ብዙ ይቆይልኛል?

ከታች ወደ ላይ። መሃል ያሉትን አምስት ስድስት ለጋ ቅጠሎች አትንኩ። ቅጠሉን ከነእጀታው ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ስበሩት፤ ግማሽ እጀታ ግንዱ ላይ ከቀረ ይበሰብሳል። በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ መመለስ ይቻላል። የሚቀነጠስ ጎመን አዲስ ይሰጣል፤ «ይደግ» ተብሎ የሚተወው ይጠነክርና ያብባል። አበባ ሲጀምር ቶሎ ጫፉን ቅጠፉት፤ እሱም ለጋ ሳለ ይበላል።

የምትቀነጥሱበት ሰዓት ጠዋት ይሁን። በእኩለ ቀን ፀሐይ የተለቀመ ጎመን ቶሎ ይጠወልጋል።

ፍልሰታ ላይ የጎመን ዋጋ እንደሚጨምር የሚያውቅ ሰው በሰኔ ይዘራል። ለነሐሴ 1 የሚደርሰው ያኔ የተዘራው ነው። አሁን ያለው ሌላ ዙር ለመስከረምና ለጥቅምት ነው። የድሮ ሰው በመስቀል «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው ክረምቱን በጎመን ስለገፋ ነው። አሁን ከጎመን ጋር የተጣላ ሰው የለም፤ ክትፎም ያለ ጎመን አይቀርብም።

መስከረም ማብቂያ ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ደቃቅ ተባይ ይመጣል። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ከሥሩ አመድማ ነገር ተለጥፎበት ታያላችሁ። ጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ቅጠሉን ቀንጥሳችሁ አጥፉት። ከበዛ ስስ የሳሙና ውሃ ከቅጠሉ ሥር እርጩ፤ በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጉንዳን እየተመላለሰ ከሆነ ክሽክሹን እየጠበቀው ነውና እሱንም ተከታተሉ።

በቆሎው እሸት መድረሱን ሳልልጠው እንዴት አውቃለሁ?

ጢሙ ሲደርቅና ቡናማ ሲሆን። ጢም ካወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ጫፉን በእጅ ስትጨብጡት ድፍን ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ አንዱን ከፈት አድርጋችሁ ፍሬውን በጥፍር ውጉት። ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ገና ነው፤ ወተት ከወጣ ለመቀቀልም ለመጥበስም ደርሷል፤ ሊጥ ከሆነ አልፎታል፣ ተዉትና ይድረቅ።

«በቆሎ ቤት አጠገብ መትከል ወባ ያመጣል» የሚባለውን ደግሞ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ወሬ ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ ለወባ ትንኝ እጭ ምግብ እንደሚሆን አሳይተዋል። በቆሎው ብቻውን ወባ አያመጣም። ከሥሩ ውሃ ካቆረ ግን ትንኙን እየቀለባችሁት ነው። ጅማ የወባ አገር ናት፤ ወባ ከዝናቡ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይበረታል። ቦዩ መውጫ ይኑረው ያልኩት ለጎመኑ ብቻ አይደለም። የመኪና ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ በዚሁ ይታይ።

ዱባዬ ትንሽ ፍሬ ይይዝና ይረግፋል።

ንብ አጥታ ነው። ዱባ የወንድና የሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። በሴቷ አበባ ሥር ትንሽ ዱባ ታያላችሁ። ዝናብ ሲውል ንብ አይወጣም፤ አበባዋ ደግሞ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ነው። ከ3 ሰዓት በፊት ውጡ፣ የወንዱን አበባ ቅጠፉ፣ ቅጠሉን አንሡለትና መሃሉን ሴቷ አበባ ውስጥ አሹት። አንድ ወንድ አበባ ለሁለት ሴት ይበቃል። ጎረቤት አይቶ ቢስቅ ይሳቅ።

የያዘው ፍሬ ርጥብ መሬት ላይ እንዳይበሰብስ ከሥሩ ደረቅ ሣር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። መድረሱን እጀታው ይናገራል፤ ደርቆ እንደ ቡሽ ሲሆን፣ ልጣጩም ጥፍር አልገባ ሲል ቁረጡት። ጥቂት ጣት የሚያህል እጀታ ተዉበት። በእጀታው አንጠልጥላችሁ አትሸከሙት፤ ከተገነጠለ ከዚያው ይበሰብሳል። ፀሐይ ባለበት ጥቂት ቀን አድርቃችሁ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ለወራት ይቆያል።

በጋ ሲመጣ በአዌቱ ውሃ ላጠጣ እችላለሁ?

ጥሬ ለሚበላ ነገር አይሆንም። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲም በእሱ ማጠጣት የሆድ ትላትልና ታይፎይድ መጥራት ነው። በደንብ ተቀቅሎ ለሚበላው ጎመን አደጋው ያንሳል፤ እሱም ቢሆን ውሃው መሬቱ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ የወስፋት እንቁላልን አይገድሉም። ሰላጣን በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቅጠል በቅጠል እያሻችሁ እጠቡ።

አሁን ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ያዙ። የመጀመሪያውን ጥቂት ደቂቃ አሳልፉት፤ የጣራ አቧራና የወፍ ኩስ ነው። በርሜሉን ክደኑት፤ ትንኝ እንዳይገባ። ለችግኝ መደብ ሳምንታት ይበቃል።

ትኩስ ፍግም እንዲሁ ነው። ጥሬያቸውን ከሚበሉ አትክልቶች ጋር አይገናኝ። በስብሶ ይጨረስ።

ጦጣ፣ ፍልፈል፣ ቀንድ አውጣ... የትኛውን ልቻለው?

ጦጣን አትችሉትም። ጫካ ጠርዝ ላይ ላለ ሰው በቆሎ የሚተርፈው በጠባቂ ብቻ ነው። ሰው የማይኖርበት ሰዓት ካለ ጎደሬ፣ ድንችና ቃሪያ ይሻላሉ። ውሻም ይረዳል።

ፍልፈል አፈሩን እየቆለለ ካሮትና ድንቹን ከሥር ይበላል። ጉድጓዱን በውሃ መሙላት ብዙ ጊዜ መደባችሁን ነው የሚያፈርሰው። ትኩሱን ክምር ከፍቶ መንገዱ ላይ ወጥመድ ማኖር ይሻላል። የከፈታችሁትን ሊደፍን ሲመለስ ይያዛል።

ቀንድ አውጣን ማታ በባትሪ ልቀሙት። ዙሪያውን አመድ መበተን የሚሠራው አመዱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ነሐሴ ውስጥ ደረቅ አመድ ስንት ሰዓት ይቆያል? እርጥብ ጣውላ ወይም ጆንያ መደቡ ዳር አንጥፉ፤ ጠዋት ስታነሡት ከሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። ለዶሮ ስጡ።

ዶሮዋን ግን መደቡ ላይ አትልቀቁ። ችግኝ ላይ ከቀንድ አውጣው የከፋች እሷ ናት።

ከቡና ዛፍ ሥር አትክልት ይሆናል?

ጎመንና ካሮት አይሆንም፤ ብርሃን ይፈልጋሉ። ጎደሬ ጥላውን ይችለዋል። ከምንም በላይ ግን ከቡናው ሥር በጥልቀት አትቆፍሩ። ቡና ምግብ የሚስብበት ሥሩ ከላይ ነው ያለው። አቮካዶና ማንጎ ሥር ደግሞ መሞከሩም ድካም ነው።

ተከራይ ነኝ፣ መሬት የለኝም።

ጆንያ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ከሥሩና ከጎኑ ብዙ ቦታ ብሱት፤ ያልተበሳ ጀሪካን ክረምት ላይ ባልዲ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ ውሃ እንዲያሳልፍ ጥቂት አሸዋ። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላ ያምርባቸዋል። ከቆርቆሮ ጠርዝ ሥር አታስቀምጡት፤ ፏፏቴው አፈሩን ያወጣዋል። ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ዘር ከራሴ ጓሮ ማስቀረት እችላለሁ?

ከአንዳንዱ። የሐበሻ ጎመን ቀላሉ ነው። በመጨረሻ ያበቡትን፣ ቅጠላቸው ሰፊ የነበሩትን ሦስት አራት ተክሎች ምልክት አድርጉባቸው፣ ከእነሱ አትቀንጥሱ። ቶሎ ያበበውን ለዘር አትምረጡ፤ የሚወልደውም ቶሎ የሚያብብ ነው። ዘርፉ ገለባማ ሲሆን ሳይፈነዳ ቁረጡና ጨርቅ ላይ አድርቁ። የተረፈው ምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

ፎሶልያ፣ ዱባና ቃሪያም ዘር ይሰጣሉ። ቃሪያ ከሆነ ቀልቶ የደረሰውን። ከሱቅ የተገዛ ዲቃላ ቲማቲም ግን እናቱን አይመስልም፤ እንደገና መግዛት ነው። ካሮትና ጥቅል ጎመን ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ስለሚፈልጉ ጅማ ላይ ዘር ማግኘት አይታሰብም፤ የሱቁ ፓኬት ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀን እያያችሁ ግዙ። የሽንኩርት ዘር ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም። ከመዝራታችሁ በፊት አሥር ፍሬ ርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ሞክሩ። በአሥር ቀን ውስጥ ከስድስት በታች ከበቀለ አፋፍቃችሁ ዝሩ፣ ወይም ሌላ ፈልጉ።